ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል ላሉት መልስ

«ምራቅ ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ እብጠት ያለ ይመስለኛል፤ ስበላ ግን ይጠፋል፤ ካንሰር ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። ጭንቀትዎ ይገባኛል። ከጻፉት ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ግን «ስበላ ይጠፋል» ያሉት ነው። መተላለፊያውን የዘጋ እጢ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ጠጣር ምግብ ነው እንጂ ምራቅ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው የሚገኘው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ነው፤ ደረት ሳያቃጥል እንኳ ጉሮሮን ሊያስቆጣ ይችላል። ሌላው የጡንቻ መወጠር ነው፤ በተለይም የምግብ ቧንቧን አፍ እንደ ቀለበት ከብቦ የሚዘጋው ጡንቻ። ሐዘንና ጭንቀት ሲበረታ ይብሳል። እንባ ሲተናነቀን የሚሰማን ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ እርስዎ የፈጠሩት አይደለም። ከአፍንጫ በስተኋላ የሚወርድ ንፍጥና እንቅርትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ ጉሮሮዎን «እህህ» እያሉ አይጥረጉ። በጠረጉት ቁጥር ይቆጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ መልሶ ያስጠርጋል። ምራቅን ደጋግሞ መዋጥም እንደዚሁ ነው፤ አፍ ሲደርቅ ስሜቱ ይጠነክራል። በምትኩ ውሃ ጎንጨት ይበሉ። እራትዎንም ከመኝታ 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይብሉ።

ለሳምንታት ካልለቀቀዎት ይመርመሩ። ምግብ መዋጥ ካስቸገረ፣ ሲውጡ ካመመ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ከታየ፣ አንገት ላይ እብጠት ከተዳሰሰ ወይም ድምፅዎ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።