ቶርኖውን ጠረጴዛ ለምታደርጉ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ሼድ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ የጀመረ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ቶርኖው በማይሠራበት ሰዓት አልጋውን እንደ ጠረጴዛ ብንጠቀምበት ምን ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ አልጋው ደግሞ ሐዲዶቹ ያሉበት ረጅም የብረት አካሉ። መልሱን እዚያው ልሰጠው ስችል፣ ጥያቄው ከ35 ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩትን አንድ ሌሊት ስለቀሰቀሰብኝ «ጽፌ እልክልሃለሁ» ብዬ አለፍኩት።

በ1981 ዓ.ም. በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። በማታ ፈረቃ ከውኃ ፓምፕ ሻፍት፣ ማለትም ዘንግ ላይ፣ ቀበቶ የሚዞርበትን ፑሌጃ እንዳወልቅ ታዘዝኩ። ዕቃ ጠብቆ የሚታሰርበት ሞርሳ በሌላ ሥራ ተይዟል፤ ጠረጴዛው ደግሞ በተፈታታ ማርሽ ተሞልቷል። ባዶ ሆኖ ያገኘሁት የቶርኖውን አልጋ ብቻ ስለነበር ሻፍቱን በሐዲዶቹ ላይ አጋድሜ በሁለት ኪሎ መዶሻ እመታ ጀመር። ፑሌጃው እንቢ ሲል ቆይቶ በድንገት ተስፈንጥሮ ወጣና ጠርዙ በፊተኛው ሐዲድ ላይ አረፈ። ድምፁ አጭርና ደረቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ የገብስ ፍሬ የምታህል ስርጉድ አየሁ። የተላጠው ብረት እያበራ ዓይን እንዳይስብ ጣቴን ዘይት ነክሬ ቀባሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ረጅም ሻፍት ሲያርሙ፣ መቁረጫው እዚያች ቦታ በደረሰ ቁጥር ዘለል እያለ በሥራው ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ይተው ነበር። ማሽኑን አቁመው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ ስርጉዷ ጋ ሲደርሱ ጥፍራቸው ቆመ። ማሽኑ በስማቸው የተመዘገበ በመሆኑ የጉዳቱ ዋጋ ከደመወዛቸው እየተቀነሰ እንዲከፈል ተወሰነ። አምስት ልጆች እንዳሏቸው እያወቅሁ ዝም አልኩ። ወር ያህል ቆይተው ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ብረት ሲላጥ ዘይት ይቀባል ብዬ የነገርኩት ላንተ ብቻ ነው» አሉኝና ብርጭቆአቸውን አንስተው ሄዱ። ጡረታ ሲወጡ በሽኝታቸው ላይ ንግግር ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ ስለ ዋናው ነገር ግን ትንፍሽ አላልኩም። ገንዘቡንም አልመለስኩም።

መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተተው በእነዚያ ሐዲዶች ላይ በመሆኑ፣ የሐዲዱ ጉድለት ሁሉ ወደምትሠሩት ዕቃ ይተላለፋል፤ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ እንደልቡ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ የሚቀመጥበትን ሻፍት ለማበላሸት ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛዎች ይበቃሉ። ከስርጉዱ ይልቅ የሚጎዳው ብረቱ ተገፍቶ በዙሪያው የሚነሳው ጠርዝ ነው። ጋሼም ያን ጠርዝ ብቻ በዘይት በራሰ ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ እስኪስተካከል ድረስ ቀስ ብለው አሹት፤ ሞረድ አላስነኩትም። ስርጉዱ እንዳለ ቀረ፣ መስመሩ ግን ጠፋ።

ስለዚህ አልጋው ላይ ምንም ነገር አይቀመጥ እላለሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ግን እኔ ራሴ 20 ዓመት ሙሉ ካሊፐሬንና ቁልፎቼን እዚያው ዘርግቼ እንደሠራሁ ትዝ ይለኛል፤ ሼዳችሁም ጠባብ መሆኑን አይቻለሁ። እንግዲያው በባዶው ብረት ላይ አታስቀምጡ። ወፈር ያለ ኮምፐንሳቶ በአልጋው ስፋት ቁረጡና፣ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ልክ የሚገባ ጣውላ ከሥሩ ምቱበት። ዕቃውን ነክሶ የሚያሽከረክረውን ቸክ ስትፈቱና ስትገጥሙም ይኸው ሰሌዳ ከሥር ይሁን፤ የ200 ሚሊሜትር ቸክ 15 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከእጅ ካመለጠ ሐዲዱንም ጣታችሁንም አይምርም። ጨርቅ ግን አታልብሱት፤ ማሽኑ ሲነሳ ቸኩ ጨርቁን ከነእጃችሁ ሊጠቀልል ይችላል። በሰሌዳውም ላይ ቢሆን መዶሻ አይነሳ።

ግራይንደር አጠገቡ ስትጠቀሙ ሐዲዱን በካርቶን ሸፍኑት፤ ብናኙ ከአልጋው ብረት የጠነከረ በመሆኑ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። በቶርኖው ላይ የታሰረ ዕቃ መበየድን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ኤሌክትሪኩ በዋናው ኩሽኔታ ውስጥ ሲያልፍ ኳሶቹን እንደሚያቃጥላቸው ከትምህርት ቤት ታውቃላችሁ ብዬ አምናለሁ። በክረምት የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ቦታ አድሮ የዝገት ቀለበት ይሠራል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ከብርጭቆው አልፋችሁ ስልካችሁን አልጋው ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ስልኩን በላስቲክ ልባስ ሸፍናችሁ በመቶ ሺዎች የተገዛውን ቶርኖ ራቁቱን መተዋችሁ ይገርመኛል።

ለጠየቀኝ ልጅ ሰሌዳውን እኔው ልሠራለት ኮምፐንሳቶውን ገዝቻለሁ። የአልጋውን ስፋትና በሐዲዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለክቶ እንዲልክልኝ ነግሬው ነበር፤ እስካሁን የላከልኝ ከማሽኑ ጋር የተነሳቸውን አራት ፎቶግራፎች ነው።