አልፈታ ያለ ብሎን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ሰው ሞተሩን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ቁልፉን ዘርግቶ፣ ሥራውን በግማሽ ሰዓት ልጨርስ ብሎ ይጀምርና አንድ ብሎን ላይ ተቸክሎ ይውላል። ስለዚህ የዛሬው ገጽ ለዚህ ብቻ ይሁን። የጎማና የባትሪ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ቦክሰር የሚባል ሞተር ሳይክል አለኝ። ማርሚታው ስለተበሳ ልቀይረው ብዬ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚያያዝበትን ሁለት ዳዶ ልፈታ ስሞክር አንደኛው ንቅንቅ አልል አለ። ሌላኛው ላይ ደግሞ ቁልፉ እየተንሸራተተ ጠርዙ መበላት ጀመረ። ጎረቤቴ «ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካበትና በደንብ ሳበው» ይለኛል። የሰፈር ልጆች ደግሞ የጣና እርጥበት ነው ያዛገው፣ እዚህ ከተማ ብረት አይበረክትም ይላሉ። ቤት ይፈታል ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

መልስ

ቤት ይፈታል፤ ቱቦውን ግን ከአሁኑ ወዲያ በለው። ዳዶው የታሰረው ከቴስታታው በወጣ ቀጭን ብረት ላይ ነው፣ ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ቱቦ ስትሰካ ጉልበትህ ይበዛል፣ ብረቱ ምን ያህል እንደተጠማዘዘ ግን እጅህ አይሰማም። የምትሰማው ቀጭ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ችግርህ የዳዶ መሆኑ ቀርቶ የቴስታታ ይሆናል።

ስለ ጣና የሚባለውን ላንሳና ልለፍ። ባሕር ዳርቻ ላይ ብረት የሚበላው በአየሩ ያለው ጨው ነው። ጣና ግን ጨው አልባ ውኃ ነው፣ በዚህ በኩል ንጹሕ ነው። ያንተን ዳዶ ያጣበቀው ክረምቱን ሙሉ ማርሚታው ሥር ተለጥፎ የከረመ ጭቃና ሙቀት ነው። እዚያ ቦታ ያለ ብሎን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይግላል፣ ይበርዳል፣ ቅባቱ ተቃጥሎ ያልቃል፣ እርጥበቱ ግን በየዝናቡ ይመለሳል። በዚህ ላይ ሞተሩን ሐይቁ ዳር ወስዶ ገና ትኩስ ሳለ ውኃ የመድፋት ልማድ አለ። እሱን ብትተወው ብዙ ነገር ይተርፍልሃል።

ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ከዳዶው አልፎ ብቅ ያለውን የብረቱን ጥርስ (ዳዶው የሚዞርበትን ጠመዝማዛ መስመር) አጽዳ። ዳዶው ሲወጣ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዳዶውን ብቻ እያየ ይህን ይዘለዋል። ከዚያ ዘይት። ደብሊው ዲ 40 ካለህ ተጠቀም፣ ግን እሱ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የታሰበው እርጥበትን ከብረት ላይ ለማባረር ነው፤ ዝገት ውስጥ እንዲሰርጉ ተብለው የተሠሩ ዘይቶች ይሻሉታል። ማታ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቀባና ተኛ። ጠዋት ድገመው። ቀብቶ ወዲያው መጎተት ዘይት ማባከን ነው፣ ምክንያቱም በጥርስና በጥርስ መካከል ባለው ዝገት ውስጥ ለመግባት ሰዓታት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ዳዶው ላይ አጭር የብረት ዘንግ አስደግፈህ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርገው። ማድቀቅ አይደለም የተባልከው። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጣጥቀዋል፣ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል፣ በቃ።

አሁን ሙቀት። ዘይቱን በጨርቅ ጠርገህ ሞተሯን ደጅ አውጥተህ ለጥቂት ደቂቃ አስነሳት። ይጨሳል፣ አትደንግጥ። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም ሌላ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር የነካውን ግን በፍጹም እንዲህ እንዳታሞቀው፣ የማርሚታ አንገት ላይ እሳት ይነሳብሃል። አጥፍተህ፣ ገና ሙቅ ሳለ፣ ጓንት አድርገህ ቁልፉን ግጠም። የመጀመሪያውን ግፊት ወደ ማጥበቂያው በኩል አድርገው፣ ትንሽ ብቻ። የተጣበቀው ዝገት በሁለቱም አቅጣጫ ይሰበራል፣ ወደ ማጥበቂያ ስትገፋ ደግሞ ዳዶው ገና ንጹሕ ወደሆነው ጥርስ ነው የሚሄደው። ንቅ ካለ ጨርሰሃል ማለት ነው። ሩብ ዙር ፍታ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ፍታ። ሲጮህብህ ተመለስ። አሰልቺ ነው፤ እኔም አሰልቺ አይደለም ብዬ አልዋሽህም።

አንድ ነገር ልብ በል። ዳዶው አሸንፎ መላው ብረት ከቴስታታው ውስጥ አብሮ እየዞረ ከወጣ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ተገላገልክ፣ ውጪ ላይ ሞርሳ (ዕቃ ጠርቅሞ የሚይዝ ማሰሪያ) ውስጥ አስረህ ትለያቸዋለህ። ነገር ግን ቁልፉ እየዞረ፣ ምንም ሳይወጣ፣ እጅህ ላይ እንደ ማስቲካ ልስልስ ያለ ነገር ከተሰማህ ብረቱ ሊበጠስ እየተጠማዘዘ ነው። እዚያ ላይ አቁም። መልስና ወደ ዘይቱ ተመለስ፣ ካስፈለገ ለሌላ ሌሊት።

ጠርዙ የተበላው ዳዶ የቁልፍ ጥፋት ነው። አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ የሚይዘው ሁለት ጎን ብቻ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚሸፍን ቁልፍ) ፈልግ፤ ባለ አሥራ ሁለት የሆነው ማዕዘኑን ብቻ ስለሚነካ የቀረችውን ጠርዝ ይጨርሳታል። ዳዶው ለእሱም ከላላ ሁለት ተቃራኒ ጎኖቹን በሞረድ ሞርደህ አንድ ቁጥር ያነሰ ቁልፍ በልኩ አስገባ። ይህም ካልሆነ ዳዶውን ሠዋው። በብረት መጋዝ አንዱን ጎን ከላይ ወደ ታች፣ የውስጡን ጥርስ ሳትነካ ቁረጥና ስንጥቁ ውስጥ መሮ አስገብተህ በአንድ ምት ክፈተው። ዳዶ ርካሽ ነው። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን ከምታገል ቶሎ እቆርጠው ነበር።

ስትመልስ የብረት ዳዶ አትግዛ፣ የናስ ዳዶ ጠይቅ። ናስ ከብረት ጋር በዝገት አይጣበቅም፣ ለማርሚታ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ካላገኘህ ሙቀት የሚችለውን የመዳብ ቅባት ጥርሱ ላይ በስሱ ቀባ። ተራ ግራሶ እዚያ ቦታ ተቃጥሎ ያልቃል።

ጥያቄ (ከዘጌ)

መምህርት ነኝ፣ ያማሃ ሞተር ሳይክል እነዳለሁ። ካርቡራተሩን ላጽዳ ብዬ የታችኛውን ሳህን የያዙትን ባለ መስቀል ብሎኖች ልፈታ ስል ሁለቱ ተበሉብኝ፣ ካቻቪቴው ይዞራል እነሱ አይዞሩም። በዚህ ላይ የቀኝ መስታወቴም አልፈታ ብሎኛል፣ የግራው በቀላሉ ወጥቷል። ባለቤቴ ሞተሩ አርጅቷል፣ ሽጪው ይላል።

መልስ

እህቴ፣ አትሽጪው። ከመስታወቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ዝገት አይደለም። ብዙ ያማሃዎች ላይ የቀኝ መስታወት የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዙሪው። ፋብሪካው እንዲህ ያደረገው አንድ ነገር መስታወቱን ሲመታው እንዲላላ ብሎ ነው። ባለቤትሽ ሲያጠብቀው የከረመ ይመስለኛል።

ወደ ካርቡራተሩ። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ባለ መስቀል ብሎን ጂስ የሚባል የራሱ ልክ አለው፣ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታያለሽ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ፊሊፕስ ካቻቪቴ ደግሞ ትንሽ ይለያል። ጫፉ ቀድሞ ታች ይነካና ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይቀመጡ ይቀራሉ፣ ስታዞሪው ወደ ላይ እየገፋ ይወጣል፣ ብሎኑንም ይዞት ይሄዳል። ለጂስ የተሠራ ካቻቪቴ ካገኘሽ እጅግ ጥሩ። ካላገኘሽ የፊሊፕሱን ጫፍ በሞረድ ጥቂት ብቻ አሳጥሪው፣ ይቀመጣል።

የተበሉት ሁለቱ ግን ከካቻቪቴ አልፈዋል። ቤንዚኑን ዝጊና አፍስሺ፣ ካርቡራተሩን ከሞተሩ አውርጂው፣ ጠረጴዛ ላይ ሥሪ። የእነዚህ ብሎኖች ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ ብቅ ያለ ስለሆነ የሚቆለፍ ፒንሳ ጎን ለጎን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ በአብዛኛው ታሪኩ እዚህ ያልቃል። በመዶሻ እንዳትሞክሪ፣ የካርቡራተር አካል ለስላሳ ቅይጥ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። እሳትም አይነካም።

ፒንሳው ካልበቃ የፈላ ውኃ ይሞከራል፣ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ። እንዲህ ያለው ቅይጥ ሲሞቅ ከብረት ብሎን ይበልጥ ይሰፋል፣ አሉሚኒየም ለምሳሌ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እኛ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር ውኃ የሚፈላልን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም፣ ለዚህ ግን ይበቃል። ቀዳዳው የሚሰፋው የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፣ የተጣበቀችውን ለመስበር ያህል ትሆናለች። ሲወጡ መልሰሽ ባለ መስቀል አትግዢ፤ አለን ኪይ የሚገባባቸውን በዚያው ቁመትና ጥርስ ግዢ።

ጥያቄ (ከሐሙሲት)

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፋ ብሏል። ጓደኞቼ የተጣበቀ ብሎን ላይ ኮካ ኮላ አፍስስበት ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ የፍሬን ዘይት ይላል። እውነት ነው?

መልስ

አባቴ፣ ኮካ ኮላ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ዝገት ይነካል፣ ውሸት አይደለም። ግን የሚጠቅመው የተፈታ ትንሽ ዕቃ ውስጡ ነክረው ሲያሳድሩት ነው። ቦታው ላይ ለተጣበቀ ብሎን ስኳሩ ብቻ ነው የሚተርፍዎ፣ ጉንዳን ይሰበስባል። የፍሬን ዘይትን ይተዉት፣ ቀለም ይልጣል። ገንዘብ ሳይወጣ የሚሠራ ከፈለጉ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ከትንሽ የሞተር ዘይት ጋር ቀላቅለው ያሳድሩበት። መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ፣ እሱም በደንብ ይሰርጋል። አሴቶን ግን እንደ ቤንዚን ስለሚቀጣጠል ሲጋራም ሆነ ክብሪት አጠገቡ አይኑር፣ የቀቡትንም በእሳት አያሙቁ።

ጥያቄ (ከጊሽ ዓባይ)

የፍሪሲዮን ሽፋን ብሎን ሳጠብቅ ጭንቅላቱ ተበጠሰ፣ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ

መጀመሪያ ሌሎቹን ብሎኖች ፍታና ሽፋኑን አንሣው። ብዙ ጊዜ የተበጠሰው ብረት ከሽፋኑ ውፍረት እኩል ቁመት ብቅ ብሎ ይቀራል፣ ስትበጥሰው እያጠበቅክ ስለነበርም በዝገት የተያዘ አይደለም። በሚቆለፍ ፒንሳ ይወጣል። ከላዩ ጋር እኩል ሆኖ ከተቆረጠ መሃሉን በሹል ነጥበህ፣ በቀጭን ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ቀጥ አድርገህ በስተህ፣ ወደ ግራ የሚዞር የተበጠሰ ብሎን ማውጫ ታስገባለህ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠራ ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ውሰደው። ማውጫው በጣም ደረቅ ብረት ስለሆነ ውስጡ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም፣ ያኔ በያጁም ቶርኖውም ዋጋ ይጨምሩብሃል። ዳዶ በይደውበት ለማውጣት ከወሰኑ ባትሪውን ማስፈታትህን፣ ታንከሩም መውረዱን አረጋግጥ።

አዲሱን ስታስር በዝግታ። የዚህ ዓይነቱ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ የሚፈልገው 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ብትጫን ይበቃል። ረጅሙን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ተወው።