መልስ፦ የበረራ ተቆጣጣሪው «ውረድ»፣ የአውሮፕላኑ መሣሪያ «ውጣ» ቢል?

ወንድሜ፣ ከቡልቡላ ሆነህ ሁለት አውሮፕላን ሲተላለፉ አይተህ ደንግጠህ ነው የጠየቅከው። እኔም ጎሮ ስለምኖር ይገባኛል። ከታች ሲታዩ የሚነካኩ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የ1000 ጫማ፣ ማለትም የ300 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አላቸው።

«ተቆጣጣሪውና መሣሪያው ቢለያዩ ፓይለቱ ማንን ይስማ?» ላልከው፣ መሣሪያውን ነው! ቲካስ ይባላል፤ አውሮፕላኖች አየር ላይ እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቅ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። በአካባቢው ያሉ አውሮፕላኖችን ትራንስፖንደር (ለጥያቄ በሬዲዮ ምልክት የሚመልስ መሣሪያ) እየጠየቀ ርቀታቸውንና ከፍታቸውን ያሰላል። መጀመሪያ «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ነገሩ ከባሰ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። ሁለቱ መሣሪያዎች ስለሚነጋገሩ ትእዛዛቸው አይጋጭም።

ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት ጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ቲካስ የሩሲያውን ቱፖሌቭ «ውጣ» አለው፤ ተቆጣጣሪው «ውረድ» አለው። ወረደ። ሌላው አውሮፕላን፣ ቦይንጉም፣ በቲካስ ትእዛዝ እየወረደ ነበር። ተጋጩና 71 ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ተቆጣጣሪው ግን ብቻውን ሁለት የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ይዞ ይሠራ ስለነበር ጥፋቱን እሱ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ከዚያ ወዲህ ቲካስን የመከተሉ ደንብ በዓለም አቀፍ ደረጃ የማያሻማ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመሬት 1000 ጫማ ገደማ በታች ቲካስ «ውጣ፣ ውረድ» አይልም። ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ሲል ኃላፊነቱ የመቆጣጠሪያ ማማው ሰዎችና የፓይለቱ ዓይን ላይ ነው።