ኢጂቲው 1,450 አለ፣ ልደንግጥ? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ዛሬ ጅማ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበች ነው፤ መውጫ የለም። ቡናው ተፈልቷል። ስለ ትንንሽ የፒስተን አውሮፕላን ሞተር፣ በተለይ ስለ ጭስ ማውጫ ሙቀት፣ በየመንገዱ የምታስቆሙኝን ሁሉ ዛሬ ጠይቁኝ። ብዙ ዓመት እነዚህን ሞተሮች ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ለአዲስ ሰው፦ ኢጂቲ ማለት ከሲሊንደር የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ሙቀት ነው፤ ሲኤችቲ ደግሞ የራሱ የቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ራስ ሙቀት። አብዛኛው ጌጅ በፋራናይት ስለሆነ እኔም በዚያው እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ ሲሙሌተር ላይ ኢጂቲው 1,450 ይለኛል። አሉሚኒየም በ1,220 ይቀልጣል ብለው አስተምረውናል። ታዲያ ሞተሩ እንዴት አይቀልጥም? (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አብራሪም በልቡ ይጠይቀዋል ግን ያፍራል። ያ ቁጥር የጋዙ ነው፣ የብረቱ አይደለም። የጭስ ቫልቩ ከሁለት የሞተር ዙር ውስጥ ክፍት የሚሆነው ሲሶውን ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ሲዞር አንድ ሲሊንደር በሰከንድ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቴርሞካፕሉን፣ ማለትም ሙቀት መለኪያውን፣ ትኩስ ጋዝ ይመታዋል፣ ከዚያ ምንም፣ ደግሞ ይመታዋል። ጌጁ ላይ የምታየው የዚህ ሁሉ ድብልቅ ነው፤ ቫልቩ ገና ሲከፈት ያለው ጋዝ እንዲያውም ከዚያ በጣም ይሞቃል። ቴስታታው ደግሞ ነፋስ እየመታው ያንን ሙቀት ቶሎ ያስወግዳል። ከምድጃ የሚወጣውን ጭስ አይተህ እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ታውቃለህ፤ እንጀራው ማረሩን ግን ምጣዱን ነው የምትጠይቀው። ምጣዱ ሲኤችቲ ነው።

እሺ፣ ታዲያ የሚያስፈራው ቁጥር ስንት ነው?

በኢጂቲ የለም። ተርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚጨምቅ) ያለው ሞተር ከሆነ ተርባይኑ ጋ የሚለካው ሙቀት ቀይ መስመር አለው፤ እሱን አክብር። ተርቦ ለሌለው ግን የምትፈራው ሲኤችቲን ነው። ላይኮሚንግ ከሚባሉት ሞተሮች የብዙዎቹ ገደብ 500 ነው፣ ብዙዎቹ ኮንቲኔንታሎች 460። እኔ ከ400 ሲያልፍ እጄ ሚክስቸሩ (የቤንዚንና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ላይ ይሄዳል። ገደቡ ድረስ መሄድ ይፈቀዳል ማለት እዚያ ኑር ማለት አይደለም።

የኔ አራት ሲሊንደር ነው። አንዱ ከሌላው 80 ዲግሪ ይበልጣል። መካኒኩ «ኖርማል ነው» ብሎ ሸኘኝ። ሸውዶኝ ይሆን?

አልሸወደህም ወንድሜ። በተለይ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚኑን ለሁሉም እኩል አያካፍልም፤ አንዱ ይጠግባል አንዱ ይራባል። በዚያ ላይ ቴርሞካፕሉ የተተከለበት ቦታ ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል። አንዱ ከፍላንጁ (የጭስ ቱቦው ሲሊንደሩ ላይ ከሚታሰርበት) አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሌላው አስር ላይ ከሆነ ንባባቸው አይገናኝም። «የትኛው ይበልጣል?» ብለህ አትጠይቅ። «ባለፈው ወር ስንት ነበር?» በል። ያ 80 ዲግሪ ከዓመት በፊትም 80 ከነበረ ተኛ። በሁለት በረራ 80 የሆነ ከሆነ ግን ካውሊንጉን (የሞተሩን ሽፋን) ክፈት።

እኔ ራሴ አንዴ በዚህ ነገር ተዋርጃለሁ። ሦስተኛው ሲሊንደር ነው ብዬ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ኢንጀክተር (ቤንዚን መርጫውን) አጠብኩ፣ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ለካ ቀደም ሲል ሽቦውን የገጠመው ሰው የሦስትንና የአንድን አዛውሮታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ሪች፣ ሊን፣ ፒክ እያሉ ያደናብሩናል። በአማርኛ ያስረዱን።

እሞክራለሁ። ሚክስቸሩ ሙሉ ሪች ሲሆን ቤንዚን ይበዛል፤ የተረፈው ቤንዚን ያበርዳል፣ ኢጂቲው ዝቅ ይላል። ቀስ እያልክ ስትቀንሰው ኢጂቲው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ይቆማል። ያ ፒክ ነው። ከዚያ በኋላ ብትቀንሰው አየር ይበዛና ኢጂቲው መልሶ ይወርዳል፤ ያ ሊን ነው። ስለዚህ 1,400 ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ከፒኩ በዚህ በኩል ነህ ወይስ በዚያ በኩል የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ብዙው ሰው ቴስታታው በጣም የሚሞቀው ፒክ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። በጣም የሚሞቀው ከፒኩ በሪች በኩል ከ25 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም እዚያው ነው የሚከፋው። ጉልበት የምትፈልግ ከሆነ በሪች በኩል 100 ገደማ ሂድ። ቤንዚን መቆጠብ ከፈለግህ ፒክ ላይ ወይም በሊን በኩል ትንሽ አልፈህ ሁን፣ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ከሄደልህ ማለቴ ነው፤ ካርቡሬተር ያላቸው ብዙዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ ሲሊንደር አልፎ ሲሄድ ሌላው ገና እየወጣ ስለሆነ። መሃል ቤት መቆም ነው መጥፎው። «ትንሽ ቀነስኩ፣ ሞተሩን አዘንኩለት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በጣም የሚሞቅበት ቦታ ላይ ነው ያቆመው።

ከጅማ ስንነሳ ሚክስቸሩ ሙሉ ሪች ይሁን ይላል አስተማሪዬ። ልክ ነው?

ባህር ዳርቻ ቢሆን ልክ ነበር። አባ ጅፋር ሜዳ፣ የጅማው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳስቷል። ተርቦ የሌለው ሞተር ትሮትሉን (የጉልበት መስጫውን) ሙሉ ብትከፍተውም የሚስበው አየር ግፊት ከ24 ወይም 25 ኢንች ሜርኩሪ አይበልጥም። ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ሞተሩ ይታነቃል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ያ አውሮፕላን ባህር ወለል አካባቢ ሙሉ ሪች ሆኖ ሲነሳ ኢጂቲው ስንት እንደነበር ከተጻፈ፣ እዚህም ሚክስቸሩን እየቀነስክ እዚያው ቁጥር ላይ አምጣው። ስትወጣም እሱን ይዘህ ውጣ። ካልተጻፈ ደግሞ ፍሬን ይዘህ ሙሉ ጉልበት ስጥ፣ ዙሩ እስኪጨምርና እስኪለሰልስ ቀንስ፣ ትንሽ መልሰህ ሪች አድርግ። የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉን ስማ። ተርቦ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሳው፤ ሙሉ ሪች።

ማግኔቶ ስፈትሽ ኢጂቲው ሁሉም ወደ ላይ ዘለለ። ደንግጬ አጠፋሁት።

ዘለለ? እሰይ! መዝለል አለበት። ማግኔቶ ለካንዴላ እሳት የሚልከው ነው፤ ሞተሩ ሁለት አለው፣ እያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ካንዴላ፤ ስትፈትሽ አንዱን ማግኔቶ ታጠፋለህ። በአንድ ካንዴላ ብቻ ሲነድ እሳቱ ይዘገያል፤ ቫልቩ ሲከፈት ጋዙ ገና ትኩስ ነው። አራቱም ቢዘሉ ጥሩ። ሦስቱ ዘልለው አንዱ ቁልቁል ከወደቀ ያ ካንዴላ ሞቷል፣ የቱ እንደሆነም በነጻ ነገረህ። በረራ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ኢጂቲ 50 ገደማ ከፍ ብሎ ሲኤችቲው ትንሽ ከወረደ ካንዴላ ጠርጥር። ሁለቱም አብረው ከወጡ ግን ያ ሲሊንደር ቤንዚን እያነሰው ነው፣ ኢንጀክተሩ ተደፍኖ ይሆናል። ይህ በመነሻ ላይ ከመጣ ቀልድ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ተቃራኒው ነው። ሲኤችቲው እያየኸው ሽቅብ ይሮጣል፣ ኢጂቲው ይወርዳል። ያ እሳቱ ያለ ጊዜው እየነደደ ነው ማለት ነው። ፒስተን የሚበሳው በደቂቃዎች ነው። ጉልበት ቀንስ፣ ሚክስቸሩን ሪች አድርግ፣ መውረጃ ፈልግ። ጌጁን እየመረመርክ አትቀመጥ።

አንድ ደግሞ ሰው የማያየው አለ። አንዱ ኢጂቲ በደቂቃ አንዴ ያህል ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የጭስ ቫልቩ አንድ ጎኑ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ቫልቩ በዝግታ ስለሚዞር ነው እንዲህ የሚዋልለው። ቦሮስኮፕ (ቀጭን የውስጥ መመልከቻ ካሜራ) አስገብተህ እየው።

ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዲዝል ጄኔሬተር አለን። ለሱም ይሠራል?

ተጠንቀቅ፣ ዲዝል ሌላ ዓለም ነው። እሱ ጋ ፒክ የሚባል ፍለጋ የለም፤ ነዳጅ ሲጨምር ይሞቃል፣ ሲቀንስ ይበርዳል። ጭነቱ ሳይጨምር ጭሱ ሙቀት ከጨመረ አየር ማጣሪያውን ቀድመህ እይ። በዚያ የቡና ገለባና አቧራ ቶሎ ነው የሚደፈነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኪው 400 አውሮፕላን ላይስ?

ያ ተርባይን ነው። እዚያ ሙቀቱ እውነተኛ ገደብ ነው፣ በተለይ ሞተሩ ሲነሳ። ፒክ፣ ሪች የሚባል ነገር የለም።

ጋሼ፣ ሲኤችቲው የሚዋሸኝ መሰለኝ። ቴርሞካፕሉን እንዴት ልፈትሸው?

ቀላሉ ከጎረቤት ጋር አቀያይሪው። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የቴርሞካፕሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ የሲሊንደሩ። ሌላው የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ ግን ልብ በይ እህቴ፣ ጅማ ውሃ በ100 ሴልሺየስ አይፈላም፣ በ94 አካባቢ ነው። አንድ ልጅ 100 ጠብቆ ደህናውን ቴርሞካፕል ሊጥል ሲል እጁን ይዤዋለሁ። ብቻ እባክሽ በጀበና አትሞክሪው።