ሥራው ሳይጀመር እግርሽ ይስተካከል

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ደሜ ፈላ፣ ባንቺ ግን አይደለም። ሌላው አንባቢም እንዲገባው ጉዳይሽን ባጭሩ ልድገመው። ደሴ ነው የምትኖሪው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። ከጉልበትሽ በታች ሰው ሰራሽ እግር ታደርጊያለሽ። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ለፋይናንስ ክፍሉ መርጦሽ በመጪው ወር ግቢ ብሎሻል። እግሩ ግን ቆዳሽን መላጥ ከጀመረ ወራት አልፈውታል፣ አንቺም «አሁን ሕክምና ብዬ ብሄድ ሥራው ያመልጠኛል» ብለሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትሄጃለሽ።

አታድርጊው። እግሩ ሳይስተካከል ሥራ አትጀምሪ።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኃይል ክፍል ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። የሕመም ፈቃድ መብት የሚመጣው ደግሞ ሙከራውን ከጨረስሽ በኋላ ነው። ያኔ የሐኪም ማስረጃ ካለሽ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ይፈቀድልሻል። አሁን ቁስሉን ይዘሽ ብትገቢ ግን የሚብስብሽ የሕመም ፈቃድ መብት በሌለሽ ሰዓት ነው። በሙከራ ላይ እያለ ደጋግሞ የቀረን ሰው አለቃው «ለሥራው አልተስማማም» ብሎ ባንዲት ወረቀት ይሸኘዋል፣ ለምን እንደቀረም የሚጠይቅ የለም።

የተቆረጠ እግር ደግሞ ቅርጹ አይረጋም። ይከሳል፣ ያብጣል፣ ስትወፍሪና ስትከሺ ይለወጣል። ሶኬቱ፣ ማለትም የተቆረጠው እግርሽ የሚገባበት የሰው ሰራሹ እግር ክፍል፣ ግን ያው ነው። ባለሙያው አንዳንዴ በተቆረጠው እግር ላይ የሚጠለቅ ካልሲ በመጨመር ብቻ ያስተካክለዋል፣ አንዳንዴ ሶኬቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ማታ ስታወልቂው ቆዳሽን በመስታወት እይው። የቀላው ቦታ በ10 ወይ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ልኩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቆዳው ከተከፈተ ደግሞ እስኪድን አውልቀሽ በክራንች ሂጂ። «ክራንች ከያዝኩ ሰው ያየኛል» ብለሽ ጽፈሻል። ይይሽ! ፒያሳ ላይ ቆሞ የሚያይሽ ሰው ደሞዝ አይከፍልሽ። የአካል ተሐድሶ ማዕከሉ እዚያው ደሴ ነው፣ ሌላው ስንት ወረዳ አቋርጦ የሚመጣበት ቦታ። ነገ ጠዋት ሂጂ።

ከዚያ ፋብሪካው ጋ ደውዪና የመግቢያሽን ቀን በሁለት ሦስት ሳምንት እንዲገፉልሽ ጠይቂ። «የእግር ማስተካከያ ቀጠሮ አለኝ፣ ጨርሼ ልግባ» በይ፣ በቃ። ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። እሺ ካሉሽ በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ፣ በቴሌግራምም ቢሆን። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነ ወይ ሽንት ቤቱ ከራቀ ያንንም አንሺ፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ካቅማሙ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ «እኛ እያለን ምን ቸገረሽ፣ ቤት ተቀመጪ» ይላሉ። እሳቸው ባይኖሩስ? በአክብሮት ጠይቂያቸው። ልጄ እንዳትጎዳ ብለው ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ቤት መቀመጡም እየጎዳሽ ነው። ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ከተመረቅሽ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል፣ ጓደኞችሽ ሲደውሉ ስልክ አታነሺም። ይሄ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ሆስፒታል ሂጂና ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ ሰው እብድ ይለኛል የሚለውን ተዪው።

እናትሽ ደግሞ ከደሴ ተመላለሺ፣ ኪራዩ ለወንድምሽ ትምህርት ይሁን ብለዋል። ይሄ ሒሳብ አይሠራም። በየቀኑ መናኸሪያ ቆሞ ሚኒባስ መጠበቅ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ተራራ ወርዶ መውጣት፣ ከዚያ ባጃጅ... ሁለት እግር ያለውም ይሰለቸዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራዪ። ከደሴ ይሞቃል፣ ላብ ቆዳሽን እንዳያቆስለው ቅያሪ ካልሲ ቢሮ ይኑርሽ። ለወንድምሽ የምትልኪው ከኪራይ፣ ከምግብና ከእግርሽ ወጪ የተረፈውን ነው። ካልተረፈ አትላኪ። ጨካኝ መሰልኩ አይደል? አንቺ ከወደቅሽ የሱንም የሚከፍልለት የለም።

የመንግሥት ሥራ ማስታወቂያ ልጠብቅ ወይ ላልሽው፣ እየሠራሽ ጠብቂ። ማስተርሱ ይቆይ።

አብሽሪ። ውሉ ሲሰጥሽ ሳትፈርሚ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን በላይ ተብሎ ከተጻፈ እናስተካክለዋለን።