ፖርቱ ነጻ ነው ወይስ ተይዟል? የጠየቃችሁኝን ልመልስ

አንድ ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ባለቁጥር በር) ነጻ መሆኑን በኮድ ስለማረጋገጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በመጣልኝ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ በፓይተን ፖርት 8080 ላይ ኮኔክት (የመገናኘት ሙከራ) ሳደርግ እምቢ ካለኝ፣ ነጻ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ኮኔክት የሚነግርህ እዚያ የሚያዳምጥ መኖሩን ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራም ባይንድ አድርጎ (ፖርቱን ለራሱ ይዞ) ገና ሊስን ካላለ (ማዳመጥ ካልጀመረ) ኮኔክት እምቢ ይልሃል፣ ፖርቱ ግን ተይዟል። ራስህ ባይንድ አድርገህ ሞክር። ከተያዘ ስህተት ይመጣል፤ በሊኑክስ ቁጥሩ 98፣ በማክ 48፣ በዊንዶውስ 10048 ነው። 13 ከመጣብህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ፈቃድ የለህም ማለት ነው። ሊኑክስ እንዳለ ከተተወ ከ1024 በታች ያሉትን ለተራ ተጠቃሚ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ባይንዱ ከሰራልኝ ዘግቼው ሰርቨሬን ባስነሳስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንቺ ከዘጋሽበት ሰርቨሩ እስኪነሳ ባለችው ቅጽበት ሌላ ፕሮግራም ሊቀድምሽ ይችላል። እኔ በትይዩ የሚሮጡ ቴስቶች አልፎ አልፎ ብቻ እየወደቁብኝ፣ ቴስቶቹን ራሳቸውን ስጠረጥር ሁለት ቀን ሙሉ አቃጥዬ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቀድመሽ አትፈትሺ፣ በቀጥታ ያዢው፤ ካልሆነ ስህተቱን ተቀብለሽ ወደ ሌላ ቁጥር እለፊ። የትኛውም ፖርት የሚሆንሽ ከሆነ ደግሞ በ0 ባይንድ አድርጊ። ሲስተሙ ራሱ ነጻ ቁጥር ይመርጥልሻል፣ የደረሰሽን ከሶኬቱ (ፕሮግራምሽ ፖርቱን ከያዘበት የግንኙነት ጫፍ) ጠይቀሽ ታውቂያለሽ። ዋናው ሶኬቱን አለመዝጋት ነው፤ እንደተከፈተ ለሰርቨሩ አስረክቢው።

ጥያቄ፦ ሰርቨሬን አጥፍቼ ወዲያው ሳስነሳው ተይዟል ይለኛል። የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም።

መልስ፦ ያለፉት ግንኙነቶች ታይም ዌይት ላይ ናቸው፤ ማለትም ከተዘጉ በኋላ ሲስተሙ ለጥቂት ጊዜ ያቆያቸዋል። በሊኑክስ 60 ሰከንድ ይቆያሉ። ከባይንድ በፊት ሪዩዝ አድረስ (SO_REUSEADDR) የሚባለውን የሶኬት አማራጭ አብራ። ዊንዶውስ ላይ ግን እንዳታደርገው፤ እዚያ ትርጉሙ ይለያል፣ ሌላው የያዘውን ፖርት ደርበህ እንድትይዝ ይፈቅድልሃል። ያኔ ፍተሻህ ነጻ ነው ብሎ ይዋሽሃል።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ 5000 ሁሌ ተይዟል፣ ምንም አልከፈትኩም።

መልስ፦ ኤርፕሌይ ሪሲቨር (ከሌላ የአፕል መሣሪያ ምስልና ድምፅ የሚቀበለው የማክ አገልግሎት) ነው፣ ከሞንተሬይ (ማክኦኤስ 12) ጀምሮ። ከሴቲንግ አጥፋው ወይ ሌላ ቁጥር ተጠቀም።

ጥያቄ፦ በ127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ፈትሼ በ0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻዎቹ) ብከፍት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሌላ ፕሮግራም ያንኑ ፖርት በዋይፋይ አድራሻህ ላይ ይዞት ከሆነ 127.0.0.1 ላይ ነጻ ሆኖ ይታይሃል፣ 0.0.0.0 ላይ ግን ሊወድቅብህ ይችላል። በምትከፍትበት አድራሻ ሞክር።