ፒዲኤፍ ማንበብ አልሆን አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ደህና ኖት? ከደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምጽፍሎት። ድሮ ልብወለድ ከያዝኩ እናቴ ለእራት ጠርታ ጠርታ ሲሰለቻት ነበር የምትተወኝ፣ አሁን ግን ከቴሌግራም ያወረድኩት ፒዲኤፍ ስልኬን ሞልቶት አንዱንም አልጨረስኩም፣ ትንሽ አነብና ዓይኔን ያቃጥለኛል ከዛ ሳላውቀው ቲክቶክ ላይ ነኝ። ወንድሜ ስልክ ጭንቅላትሽን በላው ይለኛል፣ እውነት ነው? ፒዲኤፍ ማንበብስ ስርቆት ነው እንዴ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ጭንቅላትሽ ደህና ነው፣ እኔ የምጠረጥረው ፋይሉን ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ብዙው የአማርኛ መጽሐፍ እኮ ገጹ በስካነር ወይ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ፊደሉን ብቻ ላሳድግ ብትዪ እሺ አይልም፣ ገጹን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስትጎትቺ መስመሩ ይጠፋብሻል። ፊደላችን ደግሞ ምህረት የለውም፣ ቡ እና ቢን የሚለያቸው ያቺ ጭረት ከወገቡ ናት ወይስ ከእግሩ የሚለው ብቻ ነው፣ ፎቶው ከደበዘዘ ዓይንሽ እየገመተ ነው የሚሄደው፣ እንዴት አይቃጠል! የተተየበ ፋይል (ኢፐብ የሚሉት) ካገኘሽ ፊደሉን ስታሳድጊው መስመሩ ራሱ ይስተካከላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እስከዛሬ በፎቶ ማንበባችን ለኔ የአሳታሚዎቻችን ስንፍና ነው።

ቲክቶኩ ግን ያንቺ ነው ሃሃ። የወረደ መጽሐፍ ዳታ አይፈልግም፣ ዳታውን አጥፊና አንብቢ።

ስርቆቱን በተመለከተ አላሽሞነሙንልሽም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ወራሾቹን 50 ዓመት ይጠብቃል፣ ስለዚህ ሳይፈቅዱ መበተን ሕገወጥ ነው፣ ትልቁ ጥፋት የበታኙ ቢሆንም አንቺም ደንበኛው ነሽ። የወደድሽውን እንኳ ግዢ።

ኮምቦልቻ ስትወርጂ ደግሞ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ በስልክ እንዳታነቢ፣ ትርፉ ማቅለሽለሽ ነው፣ እዛ ጋ ትረካ ስሚ። ጆሮማ ድሮም አንባቢ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን ነክቶት የማያውቅ ሁሉ የበዛብህንና የሰብለን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር የሚያወራው።

ብቻ የትኛውን ጀምረሽ እንደተውሽ አልነገርሽኝም፣ አንዳንዱ እኮ በወረቀትም አያልቅም።